«ወንጀለኛ» ከማለታችን በፊት



ከሰላት በኋላ እጃችንን ዘርግተን «ያ አላህ! ወንጀላችንን ማረን» እንላለን። ይህን ስንል ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት በሐሳባችን አይመጣም። በቤታችን አማርኛ «ወንጀል» ዐረብኛው «ዘንብ» የሚለው፣ ባሪያ በጌታው ፊት የሚጠየቅበት ጥፋት ነው። በሕግ መጽሐፍ ግን «ወንጀል» ሕግ ከልክሎ ቅጣት የወሰነበት ድርጊት ነው። ሰላት የተወ ሰው በአላህ ዘንድ ትልቅ ወንጀል ሠርቷል፤ በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ግን አይከሰስም።

በመጀመሪያው ትርጉም «ሁላችንም ወንጀለኞች ነን» ብንል ትሕትና ነው። በሁለተኛው ትርጉም ሌላውን ሰው «ወንጀለኛ» ማለት ግን ማስረጃ የሚጠይቅ ከባድ ቃል ነው። ችግራችን ይህን ከባድ ቃል እንደ ቀላሉ አቅልለን መወርወራችን ነው።

እስቲ አንድ የሠፈራችን ወጣት ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ እንበል። ፖሊስ በሚያጣራበት ጊዜ ስሙ «ተጠርጣሪ» ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት «ተከሳሽ» ይሆናል። «ጥፋተኛ» የሚባለው ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን ሰምቶና መዝኖ እንደዚያ ካለ ብቻ ነው። ቅጣት የሚወሰነውም ከዚያ በኋላ ነው። ቃላቱ ራሳቸው ልዩነቱን ይነግሩናል፤ «ተጠርጣሪ» ከ«ጠረጠረ»፣ «ተከሳሽ» ከ«ከሰሰ» የመጡ ናቸው። ሁለቱም ሌሎች ስለ እርሱ ያሰቡትንና ያሉትን እንጂ እርሱ ያደረገውን አይናገሩም። እኛ ግን ገና በተያዘበት ማታ ቡና ላይ «ያ ሌባ» ብለን እንፈርዳለን። ፍርድ ቤት በነፃ ቢያሰናብተውስ? ስሙን ማን ይመልስለታል?

እርግጥ ነው፣ ሕጉም በስያሜው ለዚህ አመላችን ሳይረዳን አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ ስም ወረሰ። ሕጉ ያለ ማስረጃ ቅጡ አላለም፤ ነገር ግን ስሙን ብቻ የሰማ ሰው፣ ዳኛ ፊት የቆመ ሁሉ አስቀድሞ ወንጀለኛ የተባለ ይመስለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ሰውየው ከርዕሱ ወጥቶ ድርጊቱ ቀረ። ለእኔ ይህ ትልቅ እርማት ነው። ከዚያም በፊት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል። የሕጉ ስም ታርሟል፤ የእኛ ምላስ ግን ገና አልታረመም።

ለሙስሊም ይህ አዲስ ትምህርት ነውን? ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ከብዙ ጥርጣሬም እንድንርቅ ያዝዘናል። ሱረቱ ኑር ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት ወንጅለው አራት ምስክሮች ያላመጡ ሰዎች 80 ጅራፍ እንዲገረፉና ምስክርነታቸው እንዳይሰማ ይደነግጋል። ከሳሹ ካላስረዳ ተጠያቂው ራሱ ነው ማለት ነው!

ሌላም የምናደባልቀው ቃል አለ። «ተከሰሰ» ሲባል እስር ቤት የሚታየን ብዙዎች ነን። ነገር ግን የገንዘብ ክርክርም ክስ ነው። የተፈታች እናት ለልጆቿ ቀለብ እንዲቆረጥላት ሸሪዐ ፍርድ ቤት ብታመለክት የልጆቿን አባት ወንጀለኛ አላደረገችውም። የአገራችን ሸሪዐ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የጋብቻ፣ የፍች፣ የቀለብ፣ የውርስና የመሳሰሉትን ጉዳዮች ይዳኛሉ እንጂ የወንጀል ክስ አያዩም። ታዲያ መብቷን የጠየቀችውን እህት «ባሏን አሳሰረች» ብሎ ማማት ምን ይባላል?

«በዋስ ወጣ» ማለትም «በነፃ ተሰናበተ» ማለት አይደለም። ዋስትና ያገኘ ሰው ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ንጹሕ ነውም ጥፋተኛ ነውም አልተባለም። «ይቅርታ» እና «ምሕረት»ም በዱዓችን ጎን ለጎን ቢሄዱም በወንጀል ሕጉ ይለያያሉ። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ይቆያል። ምሕረት ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ቅጣቱን ጨርሶ የታረመ ሰው ደግሞ ሕጉ ያስቀመጠውን ጊዜና ሁኔታ ሲያሟላ የጥፋቱ መዝገብ እንዲሰረዝለት ሊያመለክት ይችላል። ሕጉ ይህን «መሰየም» ይለዋል።

አንባቢ ሆይ! የሰው ሕግ እንኳ ለታረመ ሰው ስሙን የሚመልስበት በር ከከፈተ፣ የተውበትን በር የምናውቀው እኛ ለምን እንዘጋበታለን? ልጆቻችን የሰውን ስም አጠራር የሚማሩት ከእኛ ነው። ዛሬ ማታ የጎረቤት ወሬ ሲነሳ «ወንጀለኛ» ከማለታችን በፊት «ማን ፈረደ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣን ዝም እንበል።

አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን፤ ወንጀላችንንም ይማረን። ወላሁ አዕለም።