“የዳባቱ፣ 26 ቀን”

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ አመል አይለቀውም፤ የተጻፈ ነገር ካየ ያነባል። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ምንም አይቀረውም። እኔም ሰሞኑን ማንም እንደ ጽሑፍ ቆጥሮት የማያውቀውን አንድ ነገር ሳነብ ከረምኩ። በየሕንፃው ሥራ ላይ “ፔሮል” የሚሉትን፣ የቀን ሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ሊስት ማለቴ ነው። በግጥሙና በልቦለዱ ላይ ያን ሁሉ ሂስ ስንጽፍ ይህን ለምን እንዳለፍነው እንጃ። በሰው ሕይወት ላይ በመወሰን በኩል እንደሆነ ከብዙዎቹ ልቦለዶቻችን ይበልጣል።

ቅርጹ የታወቀ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የሠራበት ቀን ብዛት፣ የቀን ሒሳብ፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ ተቀናሽ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ፊርማ። ገጸ ባሕርያት አሉት፣ ጊዜ አለው፣ ግጭትም አለው (“ተቀናሽ” የሚለውን ረድፍ ይመለከቷል)። መጨረሻው ላይ የአውራ ጣት ቀለም ያርፍበታል።

ይህ ግን የተገለበጠው፣ የጠራው ቅጂ ነው። ረቂቁ ካቦው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። እዚሁ ጎንደር ከአንድ የልስን ሥራ ተቋራጭ ዘንድ አንዱን ደብተር ለምኜ አገላብጬ ነበር። ሲሚንቶ የነካው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ስም በሚጻፍበት ቦታ “ቀጭኑ ሙላት”፣ “ሙላት 2”፣ “ባለ ቀይ ኮፍያው”፣ “የዳባቱ” ይላል። “የዳባቱ፣ 26 ቀን።” በቃ። የአባት ስም የለ፣ ዕድሜ የለ፣ ምን እንደሚሠራ እንኳ አልተጻፈም። እንደ አንባቢ ግን ቁጥብነቱን ሳላደንቅ አላለፍኩም። ካቦው ሰውየውን በዓይኑ ስለሚያውቀው ሌላ መግለጫ አያሻውም። ቅዳሜ ሒሳብ ሲከፈል ስሕተት የለም፤ የዳባቱ ይመጣል፣ ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ችግሩ የዳባቱ በእግሩ መምጣት ያልቻለ ቀን ነው።

እህሉን ሰብስቦ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራ ወደ ከተማ የሚወርድ ገበሬ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚሄደውም ብዙ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተከታትሎ በመጣው ጦርነትና ግጭት ያ መንገድ እንደ ድሮው አልሆን አለ። ከተማ የቀረው ባሬላ ይሸከማል፣ አርማታ ያቦካል፣ በአጣና መወጣጫ ላይ ይንጠለጠላል። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በኮንዶሚኒየሙ፣ በኮሪደር ልማቱ፣ በየግለሰቡ ፎቅ ላይ እጁ አለበት። እሱ ግን ለስድስት ወር ሠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እዚህ ስለመኖሩ የሚመሰክርለት ያቺ ደብተር ብቻ ናት።

እንበልና አጣናው ተሰብሮ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ ላይ ጉዳት በሚናገርበት ክፍል ከጠበቅሁት በላይ ደግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። (“ቆብ አላደረገም እኮ” የምትለዋ መከላከያ የመጣችው ከዚህ ነው። ቆቡን መስጠት የማን ግዴታ እንደሆነ የሚናገረው አንቀጽ ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ አለ።) ማሳከሚያውን አሠሪው ይችላል። ጉዳቱ ጊዜያዊ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ የሕክምና ቦርድ በሚሰጠው መቶኛ ልክ።

ልብ በሉ፤ ሁሉም የሚባዛው በደመወዝ ነው። ደመወዙ ደግሞ የተጻፈው ሊስቱ ላይ ነው። የዳባቱ በቀን 500 ብር እየተከፈለው በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። በወር 13,000፣ በዓመት 156,000፣ አምስት እጥፉ 780,000 ብር ይሆናል። ሊስቱ ላይ ግን የቀን ሒሳቡ 200 ተብሎ ተጽፏል። በወር 5,200፣ በዓመት 62,400፣ አምስት እጥፉ 312,000 ብር። ቦርዱ 30 በመቶ ቢለው በእውነቱ ደመወዝ 234,000፣ በወረቀቱ ደመወዝ 93,600 ይደርሰዋል። እግሩ ያው እግር ነው፤ የተለወጠው አንድ አኀዝ ነው።

200 ተብሎ ለምን ይጻፋል? ማንኛውም ጽሑፍ ለአንባቢው ይጻፋል፤ የፔሮልም አንባቢዎች የታወቁ ናቸው። ገቢዎች ያነበዋል፣ ግብር ሊቆርጥበት። ጡረታ ያነበዋል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። መድን ድርጅት ያነበዋል፣ የሠራተኞች ጉዳት ካሣ ዓረቦን የሚሰላው አሠሪው በዓመት እከፍላለሁ ብሎ ባስመዘገበው ደመወዝ ላይ ስለሆነ። ሦስቱም አንባቢዎች አኀዙ ሲያድግ ያስከፍላሉ። ታዲያ ጸሐፊው ቢያሳንሰው ምን ይገርማል? አራተኛው፣ አኀዙ ሲያድግ የሚጠቀመው አንባቢ፣ አውራ ጣቱን የሚያስነካው ሰውዬ ነው። እሱ ደግሞ ወረቀቱን የሚያየው ለቀለሙ ያህል ነው።

ደግሞስ ማን ነው የሚጽፈው? አነስተኛ ተቋራጭ የሒሳብ ሠራተኛ አይቀጥርም። ግብር ሲደርስ ለአሥር ለሃያ ነጋዴ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዘንድ ይሄዳል። የፔሮል አገልግሎት የምንለው እንግዲህ ይኸው ነው። ጥር ላይ ለተሠራ ሥራ ሊስቱ ሐምሌ ላይ ይደረሳል። “ይደረሳል” ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ካለፈ በኋላ፣ ተሟልቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍና በአንድ ስክሪፕቶ የሚጻፍ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። “ቀጭኑ ሙላት” እዚህ ላይ የአባት ስም ያገኛል። ከየት ነው አትበሉ። “ባለ ቀይ ኮፍያው” ይሠረዛል። “የዳባቱ” እንደ ዕድሉ ነው።

አዋጁ ይህን ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም እንዲያስረዳው ያዛል። እንዲያውም ሠራተኛው በመዝገቡ የሰፈረውን ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪውን መብቱን እንደተወ አያስቆጥርበትም የሚል ድንጋጌ አለው። እኔ ይህችን ድንጋጌ እወዳታለሁ። ሕግ አውጪው ያ የአውራ ጣት ምልክት ምን ዓይነት ፊርማ እንደሆነ ገብቶታል። ብቻ መብቱን ለማስረዳት ከዚያ ወረቀት ሌላ ማስረጃ ይዞ መቅረቡ ለሰውየው ቀረለት። ሌላው ማስረጃ ካቦው ነው። ካቦው ደግሞ ነገም ከተቋራጩ ጋር ይሠራል።

አሁን ወደ አንዲት ቃል ልመለስ፤ “አሠሪ”። የጎንደር ሰው “ፋሲል የሠራው ግንብ” ይላል። ሰዋስው የሚወድ ሰው “ያሠራው በል እንጂ!” ብሎ ያርመዋል። ትክክል ነው፤ አማርኛ በ“ሠራ” እና በ“አሠራ” መካከል ወሰን አለው። ድንጋዩን የጠረበው አንድ ነው፣ ያስጠረበው ሌላ። ከ“አሠራ” በላይ ግን ቋንቋችን ሌላ ደረጃ የለውም። ሕጉም የተጻፈው በዚሁ ሰዋስው ነው፤ አንድ አሠሪ፣ አንድ ሠራተኛ። ጎንደር ላይ የሚሠራ አንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት ስር ቆማችሁ ቁጠሩ እስቲ። ባለቤቱ ያሠራል። ዋናው ተቋራጭ ያሠራል። ልስኑን፣ መብራቱን፣ ቧንቧውን፣ አሉሚኒየሙን የተቀበሉት ሰብ ኮንትራክተሮች ያሠራሉ። ካቦው ያሠራል። አራት “አሠራ” በአንድ “ሠራ” ላይ ተጭነዋል፤ ሰው ሲወድቅ ግን አራቱም በአንድ ጊዜ ተመልካች ይሆናሉ።

መውጫዋም ከአዋጁ ውስጥ ትገኛለች። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራ ሰውን አይመለከትም። ለጠበቃና ለባለ ጋራዥ ይህ ተገቢ ነው። በሕንፃው ላይ ግን “በቁርጥ ነው የሰጠሁት” ወደምትል ሐረግ ተለወጠች። ባለቤቱ ለተቋራጩ በቁርጥ፣ ተቋራጩ ለለሳኙ በቁርጥ፣ ለሳኙ ለካቦው በቁርጥ። ቁርጡ እየወረደ ወርዶ የዳባቱ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ ባሬላውን “በራሱ የንግድ ሥራ ኃላፊነት” ተሸክሟል ሊባል ምንም አይቀረው። ኮብልስቶን ላይ የተደራጁት የወጣት ማኅበራት ነገር ደግሞ ከዚህም ይጠልፋል፤ እዚያ ጠራቢውም አስጠራቢውም ራሱ አባሉ ነው። ጣቱ ሲቀጠቀጥ ራሱን ይክሰስ?

ተቋራጩን ጭራቅ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ደብተሩን ያሳየኝን ሰው ስለ መድን ጠይቄው ነበር።

“መምህር፣ እኔም እኮ ባሬላ ተሸክሜ ነው እዚህ የደረስኩ” አለኝ። “ሄጄ ጠይቄያለሁ። የዓመት ደመወዝህ ስንት ነው አሉኝ። የያዝኩት ሥራ የ40 ቀን ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ላገኝ፣ ላላገኝ እችላለሁ። ስንት ሠራተኛ አለህ አሉኝ። ሰኞ 12፣ ሐሙስ 5። ተያይተን ዝም አልን።”

“ሰው ቢወድቅብህስ?”

“እናዋጣለን። ባለቤቱንም እንለምናለን። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።”

መዋጮው እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ባርኔጣ ይዞራል፣ ፌራዮውም አናጢውም ያለውን ይጥላል፣ ሆስፒታል የሚያድርም ሰው ይመደባል። በጎነቱን ማንም አይክድም። ግን ዕድርም ቢሆን አባሉን በስም መዝግቦ፣ በየወሩ ሰብስቦ ነው ክፉ ቀን ላይ የሚደርሰው። ባርኔጣው የሚዞረው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው፤ የሚሞላውም ለመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒት ያህል ነው። ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ነው።

አዋጁ ሁሉም አሠሪ መድን ይግባ ብሎ አያስገድድም። መድን ካለ በመድኑ፣ ከሌለ አሠሪው ራሱ ይክፈል ነው ነገሩ። በትልልቅ የመንግሥት ግንባታዎች ውል ውስጥ ለሠራተኛ ጉዳት መድን መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ከዋናው ተቋራጭ ጋር በስሙ የተመዘገበው ሠራተኛ ይሻለዋል። 312,000 ብር ከራሱ ኪስ አውጥቶ መክፈል የማይችለው የልስን ተቋራጭ ላይ ግን “ራሱ ይክፈል” ማለት “አይከፈልም” የማለት ያህል ነው። ያለው አንድ ማደባለቂያና አንድ አሮጌ ፒክ አፕ ነው፤ እነሱንም ተሽጦ የሚደርሰው ለጠበቃው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. የአደጋ መድን ሕግ ስታወጣ አሠሪዎችን በየሙያ ዘርፋቸው በማኅበር አሰባስባ ነው ያስከፈለቻቸው፤ ትንሹ አሠሪ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ዘርፉ በጋራ እንዲሸከም። የዕድር አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የጎንደር ለሳኞች፣ አናጢዎችና የመብራት ሠራተኞች በማኅበር ሆነው አንድ የመድን ውል ቢገቡ፣ ሰኞ 12 ሐሙስ 5 የሆነው ቁጥር ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር ሲደመር የተረጋጋ ቁጥር ይሆናል። የመድን ድርጅቶቻችንም ዓመት ሙሉ ለሚቆይ ፋብሪካ የሰፉትን ውል ለ40 ቀን ልስን ከማልበስ፣ በሥራው ዋጋ ላይ የሚሰላ የአንድ ሕንፃ ውል ቢሸጡ፣ ፔሮሉን ማሳነስ ትርፉ ይቀንስ ነበር። ዓረቦኑንም ባለቤቱ ከሲሚንቶውና ከብረቱ ጋር ገና ከመነሻው ያስብበታል። ለግንባታ ፈቃድ ካርታና ፕላን ይዘን ስንሄድ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ይህችንም ወረቀት ቢጠይቀን ምን ይጎድልበታል? እኛ የቤት ባለቤቶች እናጉረመርማለን። እናጉረምርም።

ስሙን በተመለከተ ግን የሚጠበቅ አዋጅ የለም። የፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ካቦው ደብተር ላይ አንድ ረድፍ ጨምሮ ቁጥሩን መጻፍ፣ የቀኑንም ሒሳብ እውነተኛውን አስፍሮ ለሠራተኛው በስልኩ ፎቶ ማንሳት ይችላል። ይህን ለተቋራጩ ነግሬው “ቁጥሩን እንኳ አስጽፋለሁ” ብሎኛል። ስለ እውነተኛው ሒሳብ ሲሆን ሳቀ፤ “እሱን ሒሳብ ሠሪውን ላማክረው” አለ።