ማን መረጠልህ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የልጅ ልጄ በዩቲዩብ አንድ ቀልድ ሲመለከት ያኛው ሳያልቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። «ማን መረጠልህ?» ብለው «ራሱ ነው የሚያመጣው» አለኝ።

ይህ «ራሱ» የተባለው የሒሳብ ቀመር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ስንት ሰው ከፈተው ከማለት ይልቅ ስንት ደቂቃ ቆየበት የሚለውን ዋና መለኪያ አደረገ። በኋላ የተመልካቹን እርካታ እስከ መጠየቅ ቢደርስም፥ ምርጫው ክፉ በኾነ ጊዜ የሚያፍር ሰው በስተ ጀርባው አይገኝም።

በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው «ከመጻሕፍት ዓለም» ግን እንዲህ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው፥ የየባለታሪኩን ጠባይ በድምፁ ይለይልን ነበር። ማንበብ የማይችለው ጎረቤታችን እንኳ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። የዕለቱ ክፍል ሲያልቅም እስከ ሚቀጥለው መታገሥ ግድ ነውና፥ በመካከሉ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ እንከራከር ነበር። ኹላችንም የሰማነው አንድ ነገር ነበርና!

ሰው አይሳሳትም አልልም። እኔው ራሴ ለአንድ ተማሪዬ ከዕድሜው በላይ የኾነ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቼው፥ ዐሥር ገጽ ሳይዘልቅ መለሰልኝ፤ ዓመቱን ሙሉም ሌላ አልጠየቀኝም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ ለማንም ልጅ መጽሐፍ ከመስጠቴ በፊት ምን እንደሚወድ እጠይቃለኹ።

የልጅ ልጄንም ባለፈው ሳምንት ጠየቅኹት። «የፈረሰኞች ታሪክ» አለኝ። አኹን መደርደሪያዬን እየፈተሽኹ ነው።