«አስዋን» እና «ጂንጃ» ፤ የዓባይ ተፋሰስ ዜማ ከአዊ ምድር ሲታይ

የዓባይን ስም ይዘው የብዙ አገር ባለሙያዎችን በአንድ መድረክ ካሰለፉት የሙዚቃ ሥራዎች መካከል «አስዋን» (2013) እና «ጂንጃ» (2017) የተባሉት ሁለት አልበሞች ይገኛሉ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱንም ያወጣው «ናይል ፕሮጀክት» የተባለው ድርጅት ሲሆን፤ እርሱንም በ2011 የመሠረቱት ግብፃዊው የሙዚቃ ኢትኖሎጂ ባለሙያ ሚና ጊርጊስና በአሜሪካ የምትኖረው ኢትዮጵያዊት ድምፃዊት ምክሊት ሐደሮ ናቸው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ተጥሏል። ስለ ውሃው የሚደረገው ክርክር በተካረረበት ጊዜ ውሃውን የሚጠጡት ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ዜማ እንኳ አያውቅም የሚለው ሐሳብ ለሥራው መነሻ ሆነ። ሐሳቡ እውነትነት አለው። የአዲስ አበባ ሰው የካይሮን ዘፈን ከሲኒማና ከራዲዮ ጥቂት ሳይሰማ አልቀረም፤ የቡጋንዳን ግን ከናካቴው አያውቅም፤ የካምፓላም ሰው ስለ ማሲንቆ እንዲሁ ነው።

የሥራው አካሄድ ከተለመደው የተለየ ነው። በዘመናችን የተለያዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ «ያቀላቅላሉ» የሚባሉት አልበሞች ብዙዎቹ የሚሠሩት አንዱ ታዋቂ ሙዚቀኛ ዘፈኑን ከጨረሰ በኋላ ለጌጥ ያህል የሌላ አገር መሣሪያ በላዩ በማስገባት ነው። በዚህ ሥራ ግን ሙዚቀኞቹ በአንድ ቦታ ሰንብተው፤ አንዱ የራሱን ዘፈን ለሌላው በቃል እያስተማረ፤ ሌላውም በራሱ መሣሪያ መልስ እየፈለገ ተዘጋጅተዋል። ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከብሩንዲ፣ ከሩዋንዳም የመጡ ነበሩበት። ከኢትዮጵያ በኩል በቅጂዎቹና በጉዞዎቹ ከተሳተፉት መካከል ማሲንቆ ተጫዋቹ እንድሪስ ሐሰን፣ የሳክስፎኑ ጆርጋ መስፍን፣ ክራር ተጫዋቹ ዳዊት ሥዩም፣ ከአዝማሪ ወገን የሆነችውም ድምፃዊት ሰላምነሽ ዘመነ ይገኛሉ።

እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ዋናው ችግር ቋንቋ ሳይሆን ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው፤ የኑቢያና የሰሜን ሱዳን ዘፈንም በአምስት ድምፅ ይሄዳል። ስለዚህ የሱዳን ዘፋኝ በትዝታ ቤት ውስጥ ሲገባ እንግዳ አይሆንም። የግብፅ መቃም ግን ሰባት ድምፅ ይዞ፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ፤ ከግማሽ ድምፅ የሰፉ ከሙሉ ድምፅ የጠበቡ እርምጃዎችን ይጠቀማል። የቡጋንዳ አማዲንዳ ደግሞ ስምንተኛውን ድምፅ እስኪደርስ ያለውን ርቀት ተቀራራቢ በሆኑ አምስት ክፍሎች ይከፍለዋል፤ አንዱ ክፍል በባለሙያዎች ልኬት 240 ሴንት ያህል ሲሆን በፒያኖ ላይ ግን ያለው ወይ 200 ወይ 300 ነው። እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች በአንድነት ሲቆሙ አንዱ ለሌላው መንገድ መልቀቅ አለበት። ማን ለማን ለቀቀ የሚለው ጥያቄ የአልበሞቹን ዋጋ ለመመዘን ከሁሉ የተሻለ መስፈርት ነው።

መልሱ ከዘፈን ዘፈን ይለያያል። ቤዙ ወፍራም ሆኖ በሚመራበት ቦታ ሁሉ የለቀቁት የአፍሪካ ቅኝቶች ናቸው፤ አምስቱ ድምፅ በፒያኖው ልክ ተሞርዶ ከማንኛውም ከተማ የሌሊት ቤት ሊሰማ የሚችል ለስላሳ ነገር ይሆናል። በዚህ ጊዜ አንቺ ሆዬ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል፤ ሕይወቱ ያለው በጠባቦቹ እርምጃዎች ውስጥ ነውና። ቤዙ ዝቅ ብሎ ማሲንቆና ዑድ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱም በአንገታቸው ላይ የድምፅ ድንበር የላቸውም፤ ጣት በፈለገበት ያርፋል። እንድሪስ የዑዱን ሐረግ ተቀብሎ በአንዲት ጅማት ላይ ሲመልሰው መቃሙን አይቀዳም፤ ወደ ራሱ ቤት አስገብቶ፤ በአዝማሪ ልማድ ድምፁን ከታች ወደ ላይ እየሳበ ይመልሰዋል። አድማጩ የሁለት አገር ሰዎች ሲጨዋወቱ የሚሰማው በእነዚህ አጫጭር ቦታዎች ነው፤ ዘመናዊ አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ «መሸጋገሪያ» ብለው የሚያሳጥሩትም ይህንኑ ክፍል መሆኑ ያሳዝናል። የከበሮዎቹ ስምምነት በሌላ በኩል ችግር የለበትም። ስድስት ሦስቱን የሚከፍለው የኢትዮጵያ ምት ከምሥራቅ አፍሪካው ጋር ያለ ድካም ይገጥማል፤ ስለዚህም በአልበሞቹ ላይ ብዙ የሚደነቀው ምቱ ሆነ፤ ይህ ግን ቀላሉ ነገር ነበር።

የአልበሞቹ ስያሜ ለብቻው መታየት ይገባዋል። አስዋን በ1970 የተፈጸመው የከፍተኛው ግድብ ከተማ ናት። ጂንጃም ነጭ ዓባይ ከቪክቶርያ ሐይቅ የሚወጣባት፤ በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ የተመረቀባት ከተማ ናት። የወንዙን አንድነት ሊያበሥር የተነሣ ሥራ ሁለት ጊዜ ስሙን የወሰደው ወንዙ ከተቆረጠባቸው ቦታዎች ነው። አዘጋጆቹ አስበውት ይሁን አይሁን፤ ስሙ ለአድማጭ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ይኸውም የአስዋን ግድብ በ1963 እና በ1964 በግብፅም በሱዳንም ያሉትን ኑቢያውያን ከመንደራቸው አንሥቶ ሌላ ቦታ ማስፈሩ ነው። በ«አስዋን» የተሳተፈችው ሱዳናዊት ድምፃዊት አልሳራ የምታነሣው የኑቢያ ዘፈን በዚሁ ትዝታ የተሞላ ነው። ይሁን እንጂ በመድረኩ ላይ ሁሉ በእልልታ ስለሚያልፍ ሐዘኑ ቦታ አያገኝም።

እዚህ ላይ ሐምዛ ኤል ዲንን (1929–2006) ማንሣት ያስፈልጋል። ይህ ሰው የተወለደው ዛሬ በግድቡ ውሃ ሥር በሆነችው በቶሽካ ሲሆን፤ የዐረቡን ዑድ በካይሮ ተምሮ በኑቢያ ቅኝትና ምት ይጫወት ነበር። በ1971 ያወጣው «እስካላይ» የተባለው ሸክላ ስሙ የውሃ መሳቢያ መንኰራኵር ማለት ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ሁለት ሥርዓቶች ተገናኝተዋል፤ መገናኛቸው ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም በ1960ዎቹ በውጭ አገር የተማረውን ጃዝ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ሲያስታርቅ ሥራው በአንድ ክረምት አላለቀም። ሙዚቀኞች ጥቂት ሳምንት አብረው ቢሰነብቱ መልካም ጉርብትና ይገኛል፤ አዲስ ቅኝት ግን እንዲህ በቶሎ አይወለድም። አልበሞቹ በጉርብትና ስም ቢቀርቡ ኖሮ የሚነቀፍባቸው ነገር እጅግ ባነሰ ነበር፤ «የዓባይ ድምፅ» ተብለው መቅረባቸው ነው ጥያቄውን ያመጣው።

ይህ ጥያቄ ከአዊ ምድር ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ይበልጥ ይጠነክራል። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ከሰከላ፤ ከግሼ ይነሣል፤ ቦታው ዛሬ የሚቈጠረው በምዕራብ ጎጃም ቢሆንም ከአዊ ጋር የሚዋሰን ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን ሲያይ ያገኛቸው ሰዎች አገዎች ነበሩ። በዳንግላ ዙሪያ የሚፈሰው ክልቲ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ዱራ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ከታላቁ ዓባይ ይቀላቀላል። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የጣናንና የዓባይን ካርታ ሲያነሣ መቀመጫው እዚያው ነበር፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሟል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በአልበሞቹ ላይ የሚሰማው የኢትዮጵያ ቋንቋ አማርኛ፤ የሚሰማውም ሙያ የአዝማሪና የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሙያ ነው።

በዚህ አዝማሪው አይወቀስም። ሰላምነሽ የምትዘፍነው የራሷን ወገን ቅርስ ነው፤ በ«ጂንጃ» ላይ «ያ አባይ ውሃ» የሚለው ርእስ መገኘቱም ወንዙ በአማርኛ ዘፈን ያለውን ሥፍራ ያሳያል። የሚነቀፈው አሠላለፉ ነው። አዘጋጆቹ ተፋሰሱን በመንግሥታት ከፍለው ለእያንዳንዱ ባንዲራ ጥቂት ሙዚቀኛ መደቡ። የወንዝ ተፋሰስ ግን እንዲህ አይከፈልም። ኑቢያ በሁለት አገር ውስጥ ያለ አንድ ሕዝብ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ አገው፣ አማራ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻና ሌሎችም በአንዱ ወንዝ ዳር ይኖራሉ። ድንበር እንሻገራለን ያለው ሥራ በውስጠኛው ድንበር ላይ ቆመ።

ደግሞም የአዊ ምድር ለዚህ ዐይነት ሥራ ባዶ እጁን የሚቀርብ አይደለም። በእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ዋሽንትም የሚበጀው ከዚህ ዘር ነው። የማሲንቆ ጅማት የፈረስ ጭራ ነው፤ አዊም በፈረሱ የታወቀ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ ፉከራውንና ሆታውን የሚሰማ ሰው በመድረክ ላይ ከተዘጋጀው «ባህላዊ ትርኢት» የተለየ ነገር እንዳለ ይረዳል፤ ምቱን የሚሰጠው የፈረሱ አረማመድ ነውና። (ይህን በመድረክ ላይ ማሳየት አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም።)

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቋንቋው ነው። አዊኛ ከመካከለኛው ኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፤ ሔትዝሮን በ1969 ባሳተመው ስለ ደቡብ አገውኛ ግሥ በሚናገር መጽሐፉ በሰፊው አጥንቶታል። በዚህ ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሰዋስው ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ የአዊኛ ግጥም ወደ ዜማ ሲገባ፤ ዜማው የቃሉን ከፍታ ይከተላል ወይስ ይሽረዋል የሚለው ነገር በአማርኛ ዘፈን ላይ በዚህ መልኩ የማይነሣ ጥያቄ ነው። በሌላ አገር ተወላጅ ሙዚቀኛ ለመታጀብ ሲፈለግ ደግሞ ጉዳዩ ከቅኝት አልፎ የትርጉም ጉዳይ ይሆናል፤ አጃቢው ድምፁን ለስምምነት ብሎ ከፍ ቢያደርገው ዘፋኙ ተከትሎት ቃሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ከሁለቱ አልበሞች ቀጥሎ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ መቅረጫ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር፤ መጀመሪያ ዘፋኙን ብቻውን፤ ያለ ቤዝና ያለ ፒያኖ ይቅረጸው፤ ያንኑም ግጥም ያለ ዜማ በንግግር ያስነብበው። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የእያንዳንዱ ቃል ከፍታ ከተለካ በኋላ ዑዱም አማዲንዳውም መጥተው የት ላይ መግባት እንደሚችሉ መነጋገር ይቻላል።