አህያዪቱ ምን አጠፋች? ስለ ሕፃናት ተረትና ስለ ድፍረት የቀረበ ሂስ

ልጆቻችንን ድፍረት የምናስተምርበት መጽሐፍ ብዙ የለንም፤ ያለን ተረት ነው። ሕፃን ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ ጉልበተኛ ማለት ምን እንደሆነ፣ ጉልበት የሌለውም በጉልበተኛ ፊት ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ የሚሰማው ከጅብ፣ ከአህያ፣ ከአንበሳና ከጦጣ ታሪክ ነው። ስለዚህ ተረትን እንደ ማናቸውም የሥነ ጽሑፍ ሥራ መርምሮ፣ መልካሙን መልካም፣ ጎዶሎውንም ጎዶሎ ማለት የሚገባ ይመስለኛል። «ተረት የማታ መጫወቻ ነው፤ ሂስ ለምን ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ ከዚህ በታች ያለው ነው።

ነገሩን ያነሣብኝ በጌጫ ያየሁት ነው። ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደንና ቡና፣ ማርና እንሰት ባለበት አገር የተቀመጠች ስትሆን፣ ዝናቧ እንግዳን ከደጅ አስጠግቶ የሚያቆይ ነው። አንድ ቀን በሥራ ጉዳይ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ ዝናቡ ያዘኝና በሁለተኛ ክፍል በር ተጠግቼ ቆምሁ። መምህሩ ተረት ይነግራል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ድምፁን ከፍ፣ ሲያባራ ዝቅ እያደረገ ነበር።

ተረቱን አንባቢ ያውቀዋል። አገሩን ድርቅ በመታው ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው፣ «ይህ መዓት የመጣው በኃጢአታችን ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳው ከሰው በረት በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ፤ ሌሎቹ «ይህ ምን ኃጢአት አለበት!» አሉት። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡም ዶሮ በልቻለሁ ሲሉ እንደዚሁ ተባለላቸው። አህያዪቱ ግን ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲጨዋወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን በተናገረች ጊዜ፣ «ለካ መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተረባርበው በሏት።

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩም እንደ ልማዱ፣ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ሲል ጠየቀ። ከፊተኛው ወንበር አንድ ልጅ ብድግ አለና፣ «የሰው ሣር መብላት ነውር መሆኑን» ብሎ መለሰ። ተጨበጨበለት።

መምህሩን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ ይህንኑ እመልስ ነበር። ነገር ግን የልጁ መልስ የተረቱን ምሥጢር ገለበጠው። ተረቱ የተነገረው የአህያዪቱን ጥፋት ለማሳየት ሳይሆን፣ የዳኞቹን ግፍ ለማጋለጥ ነው። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ17ኛው መቶ ዓመት ተመሳሳዩን ታሪክ በግጥም ሲጽፍ ድርቁን በቸነፈር ለውጦ ነው እንጂ፣ በስተመጨረሻ ጥፋተኛ የምትባለው እዚያም ሣር በሊታዋ አህያ ናት። ይህ ለአዋቂ የተሰናዳ ምፀት ነው። አዋቂ ሰው ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰ ነውና ምፀቱ ወዲያው ይገባዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነው፤ አራት ነበሩ፣ ሦስቱ በአንዲቱ ላይ ፈረዱባት፣ ተበላች፣ እኛም ሳቅን። እንግዲህ የተበላችው ብታጠፋ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል?

ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ተራኪ ሁሉ ጅብን ሲያወራ ድምፁን ያጎረንናል፣ ዐይኑን ያፈጣል፤ አህያዪቱን ሲያወራ ግን ድምፁን ያቀጥናል፣ ከንፈሩን ይጥላል። ስለዚህ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ጅብ ለመሆን ይሻማሉ፤ አህያ ለመሆን የሚወድ የለም። አህያ የሚሆነው ተገዶ ነው፤ የሚገደደውም ሁልጊዜ ያው አንዱ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ተረት ምሳሌ ሆኖ በአፋችን የቀረው ነው፤ «አያ ጅቦ ሳታማኻኝ ብላኝ» የሚባለው። ጅብ ከወንዙ ወደ ላይ፣ አህያ ደግሞ ወደ ታች ሆነው ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ቢላት ይህን መለሰችለት ይባላል። እኔ በዚህ ንግግር ውስጥ እውነተኛ የድፍረት ዘር አያለሁ። ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ታውቃለችና የጅቡን ሐሰት ፊት ለፊት ነግራዋለች፤ ግፈኛ ግፉን በሕግ ስም እንዳይሸፍነው ልብሱን ገፋዋለች። ዳሩ ግን ዐረፍተ ነገሩ የሚያልቀው «ብላኝ» በሚለው ቃል ነው። እውነቱን ተናግራ አንገቷን ሰጠች። ለአዋቂ የምሬት ቃል ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ልጅ ግን «ብላኝ» ማለትን ሊማር አይገባውም።

ሦስተኛው ወገን የብልጦቹ ተረት ነው። ጦጣ አንበሳን ታታልለዋለች፤ ልጆቹም በጣም ይደሰታሉ፤ ደስታቸውም የሚገባ ነው፤ ትንሽ ፍጡር በአእምሮዋ ትልቁን ስታሸንፍ ማየት ለትንሽ ልጅ መጽናኛ ነውና። ሆኖም ብልጠት የሚያድነው ብልጡን ብቻ ነው። ጦጣዪቱ ዛፍ ላይ ወጥታ ስትስቅ፣ አንበሳው ነገ የሚሄደው ዛፍ መውጣት ወደማይችለው ነው። ተረቱም ይህን አይነግረንም፤ ጦጣዪቱ ካመለጠች ዘንድ አልቋልና።

በጽሑፍ ካገኘናቸው ውስጥ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ የተማረበት መጽሐፍ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ልጆችን ተረት አሰምተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ብዙ ሰው እንደ ቤተሰቡ አያት አለቀሰላቸው። ለሁለቱም ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው። ነገር ግን ከእነርሱ የወረስነውን ምክር በተረት መጨረሻ የማስቀመጥ ልማድ እኛ ተከታዮቹ ወደ ድርቅና ወስደነዋል። ምክሩን ከልጁ አፍ ለመቀበል እንቸኩላለን፤ ምክሩም ስንፍናን፣ ስግብግብነትን፣ ውሸትን የሚነቅፍ ነው። «አጠገብህ ያለው ሲጠቃ አንተ የት ነበርህ?» ብሎ ተመልካቹን የሚጠይቅ ተረት በእኔ ትዝታ ጥቂት ነው። የሦስቱ በሬዎችና የአንበሳው ተረት ወደዚህ ይቀርባል፤ እርሱም በኤሶፕ ስም ዓለምን የዞረ ነው። ቢሆንም በሬዎቹ ተለያይተው ሲያልቁ ያሳየናል እንጂ አብረው ሲቆሙ አያሳየንም።

በቤታችንስ የምንሰጠው ትምህርት ምንድር ነው? አባት ልጁ ተመትቶ ሲመጣ «አንተስ እጅ የለህም?» ይለዋል። ልጁም በማግሥቱ ድንጋይ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ይህ ድፍረት አይባልም፤ የፈሪ ዱላ የሚባለው ነው፤ የሚያርፈውም ብዙ ጊዜ በራሱ በጉልበተኛው ላይ ሳይሆን ከእርሱ በሚያንሰው ላይ ነው። እናት ደግሞ «አንተ ብቻ አትድረስባቸው» ትላለች። በትምህርት ቤት ግን ከሁሉ የሚከፋ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አሳባቂ» የሚለው ነው። በልጅነቴ አንድ ትልቅ ልጅ ደብተሬን ቀምቶ በጭቃ ላይ ቢጥለው ለመምህሬ ሄጄ ነገርሁ። መምህሬ ሁለታችንንም በአለንጋ ገረፈን፤ እርሱን ስለ መቀማቱ፣ እኔን ስለ ማሳበቄ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ለማንም አዋቂ ሰው ምንም ነገር አልተናገርሁም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ለሥነ ጽሑፍ ምን አገባው እንዳይባል፤ አለንጋ በያዘ መምህር አፍ የተነገረ የአህያ ተረት፣ መምህሩ ባያስበውም፣ ዳኛው አንበሳ መሆኑን ልጁ ከቃሉ በፊት ከእጁ ያነበዋል።

እስካሁን ጉልበተኛውን እንደ አንድ ልጅ አድርጌ ተናገርሁ። ነገሩ የሚከብደው ግን ጉልበተኛው ወንበሩ ሁሉ ሲሆን ነው። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት ወንድሞቻችን ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፣ ከቤት እንዳይገቡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ሕጉ ሁሉን እኩል ቢያደርግም ልማድ ከሕግ ዘግይቶ ይሄዳል፤ ልጅም በቤቱ የሰማውን ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። ከጎኑ ማንም የማይቀመጥለትን ልጅ «ደፋር ሁን፣ ተጋፈጥ» ብለን ብንመክረው ማንን ይጋፈጥ? የመታው የለም፤ ሁሉም ራቅ ብለው ተቀምጠዋል እንጂ። የአህያዪቱ ተረት በእንዲህ ያለ ክፍል ሲነገር የሚስቁት እነማን እንደሆኑ፣ የማይስቀውስ ማን እንደሆነ መምህር ሁሉ ቀና ብሎ ቢያይ መልካም ነው። ሦስቱ ዳኞች በአህያዪቱ ላይ የተስማሙት በሣሩ ምክንያት አልነበረም፤ ሥጋ በሊታዎች በተሰበሰቡበት ሸንጎ ሣር የምትበላው እርሷ ብቻ ስለ ነበረች ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በኖርዌይ ሦስት ልጆች በእኩዮቻቸው ጥቃት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ሁሉ ዘመቻ አስነሥቷል። በፊንላንድም የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያዘጋጁት ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚያተኩረው ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ነው፤ ጉልበተኛው ተመልካች ካላገኘ ትርፉ ይቀንስበታልና። ይህን ሳነብ አንድ የቆየ የራሳችን ተረት ትዝ አለኝ።

ተረቱ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. «እሳት በተራራው ላይ» በሚል ስም በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ይገኛል። አንድ ሀብታም አገልጋዩን በብርድ ተራራ ላይ ራቁቱን ያለ እሳት ካደርህ ርስትና ከብት እሰጥሃለሁ ብሎ ይወራረደዋል። አገልጋዩ ፈርቶ ወደ አንድ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌውም፣ «እኔ ከሸለቆው ማዶ ሌሊቱን ሙሉ እሳት አነድልሃለሁ፤ አንተ እሳቱን እያየህ፣ ስለ አንተ የነቃሁ መሆኔን አስብ» ይለዋል። አገልጋዩም አድሮ በሕይወት ወረደ። ጌታው ግን «እሳት ካየህማ ሞቀህ፤ ውርርዱን ተሸንፈሃል» አለው፤ ዳኛውም ለጌታው ፈረደ። አገልጋዩ ዝም አላለም፤ ወደ ሽማግሌው ተመልሶ ነገረ፤ ሽማግሌውም ኃይሉ ለሚባል ሰው አስታወቀ። ኃይሉ ታላቅ ግብዣ አድርጎ፣ እንግዶቹን የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተተ ሲያስርባቸው ዋለና፣ «የሩቅ እሳት ካሞቀ የወጥ ሽታም ያጠግባል» አላቸው። ጌታውም አፍሮ የገባውን ቃል ፈጸመ።

ይህን ተረት ከአህያዪቱ ጋር አስተያዩት። የማዶው እሳት አንዲት ጠብታ ሙቀት አልሰጠም፤ ብርዱን የቻለው የአገልጋዩ የራሱ ሥጋ ነው። ሆኖም ያለ እሳቱ ባላደረ ነበር። በደሉን በተናገረ ጊዜ አሳባቂ ያለው የለም። ዳኛ ቢሳሳትም ወደ ሌላ ሰው መሄድ እንደሚቻል ያሳያል፤ ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ መምህር ቢገርፈው ሌላ መምህር፣ ሌላ አጎት፣ ሌላ ጎረቤት አለና። ጉልበተኛውም አልተመታም፤ የገዛ ፍርዱን ቀመሰ። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ነገሩን የሚጨርሱት አዋቂዎች ብቻ ናቸው፤ ልጅ ለልጅ እሳት ሲያነድ አናይም።

በሌላ ጊዜ በጌጫ ከዚያው መምህር ጋር ተገናኝተን ይህን ሁሉ አጫወትሁት። እርሱም ቅር ሳይለው የእሳቱን ተረት ለዚያው ክፍል እነግራለሁ አለኝና ጠርቶ አስቀመጠኝ። ተረቱን ጨርሶ ምን ተማራችሁ ሳይል ዝም አለ። ውጭ እየዘነበ ነበር። ከኋለኛው ወንበር አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እንጨቱ ርጥብ ቢሆንበትስ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጥቂት አሰበ። ከዚያም ያ ስለ ሣሩ መልሶ የተጨበጨበለት ልጅ ተነሣና፣ ከእነርሱ ቤት ቆጥ ላይ ደረቅ እንጨት እንዳለ፣ ሽማግሌው ቢልክበት ሮጦ እንደሚያደርስለት ተናገረ፤ ሌሎቹም የየቤታቸውን እንጨት መቁጠር ጀመሩ።