ሲቪውን ማን ጻፈው?

«ጋሼ፣ ይሄኛውን እንጣለው?» አለችኝ በቅርቡ የሰው ኃይል ክፍላችንን የተቀላቀለችው ልጅ። ለመጋዘን ሠራተኛነት የቀረበ ሲቪ ነው፤ መስመሩ ተንጋዷል፣ የፊደሉ መጠን በየአንቀጹ ይለያያል። «ለራሱ ማመልከቻ ያልተጠነቀቀ ለንብረታችን ይጠነቀቃል?» በሙያችን ብዙ ሰው የሚምልበት ክርክር ነው። እኔ አልቀበለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙውን ሲቪ የምትሠራው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ጸሐፊ ናት። የቀድሞ ደንበኛዋን ፋይል ትከፍትና ስም፣ ስልክና ትምህርት ትቀይራለች። ለዚህ ነው የማይተዋወቁ አመልካቾች «ትጉህና በቡድን መሥራት የምችል» ብለው፣ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው የፊደል ግድፈት የሚመጡት። ውበት ስንመዝን የምናወዳድረው ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ሲቪው ጃንዋሪ 2019 ይላል፣ የልምድ ማስረጃው ጥር 2011። ችኩል መራጭ «ዋሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ አንዱ በፈረንጅ ሌላው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው እንጂ ልዩነት የለውም። ከዚያ ወደ ማስረጃው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሐሰተኛ አይጠፋም፤ ስልክ ደውሎ ማጣራት ነው። አመልካቹ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ደግሞ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 መቼ፣ የወጪው ሞዴል 22 መቼ እንደሚቆረጥ እጠይቀዋለሁ። ንብረት ሲያስገባና ሲያወጣ የኖረ ሰው ሳያስብ ይመልሳል።

ለጸሐፊነትና ለአራሚነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ የሥራው ናሙና ነው። ያም ሆኖ ፊቴ አስቀምጬ ካላስጻፍኩ አላምንም።

ግትርነቴን ሳልወርስ አልቀረሁም። አባቴ ፍርድ ቤት አጠገብ ራፖር ጸሐፊ ነበር። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ግን የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ደንበኛ አቤቱታ ከዚያው ታይፕ ይወጣ ነበር። ዳኛው ማን እንደጻፈው ስለሚያውቅ ባለጉዳዩን አቁሞ ይጠይቃል። አባቴም ማታ ሲገባ የሚያወራልን ስለ ሰዎቹ ጉዳይ ነበር። በሰው ወረቀት ውስጥ ጉዳዩን መፈለግ የለመድኩት ያኔ ይመስለኛል፤ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ያልሰለቸሁትም ለዚሁ ነው።

ሾፌር፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መጋዘን ሠራተኛ የምትመርጡ ባልደረቦቼ፣ ማስረጃውን አስቀድማችሁ አንብቡ። ሲቪው ለስልክ ቁጥሩ ይበቃል።