እንግዳ የመምራት ሙያ ከወረርሽኙ በኋላ፦ ከላሊበላ

በላስታ ምድር ከዓለት ተፈልፍለው የታነጹት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙባት በላሊበላ ከተማ፣ እንግዳ መርቶ ማሳየት ለእኛ ለአስጎብኚዎች እንጀራችን ከመሆኑም በላይ፣ እንደ ቅኔና እንደ ዜማ በመምህር ፊት ተቀምጠው ባይማሩትም፣ ከታላላቆቹ ኋላ ኋላ እየሄዱ በዐይንና በጆሮ የሚቀስሙት ሙያ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ ግን፣ ይህ ሙያ የቆመበት መሠረት ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ተገለጠ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም በአውሮፕላን የሚዞረው የውጭ አገር መንገደኛ በእኛ ዘንድ አንዲት ሌሊት አድሮ፣ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን፣ በማግሥቱም ቤተ ጊዮርጊስን ተመልክቶ ይሄድ ነበር፤ ከተማውም በሞላው በዚያች አንዲት ሌሊት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር እንደ ነበረ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ስለ ማገገም ሲነገር ሁሉም የሚጠይቀው እንግዳው መቼ ይመለሳል ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ደግሞ፣ እንግዳው ሲመለስ ማንን ያገኛል ብዬ ነው። የሆቴል ባለቤት ደጁን ቢዘጋ ግድግዳው ይቆየዋል፤ እንግዶችን ወደ አሸተን ማርያም ተራራ የሚያወጣው ባለ በቅሎ ግን፣ እንግዳ መጣም ቀረም በቅሎዋ ገብሷን ትሻለችና፣ ጥቂት ወራት ታግሦ ይሸጣታል። ያን ተራራ የምታውቅ በቅሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሳትደነግጥ፣ የተሳፈረው ሰው ልጓሙን ያለ አግባብ ቢስብባት እንኳ በራሷ ፈቃድ የውስጡን ጠርዝ ይዛ የምትወጣ፣ በአንድ ዓመት የምትለመድ አይደለችም። ጫማ ጠባቂውም እንዲሁ ነው፤ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ የማንን ጫማ ከየትኛው በር አስወልቆ በየትኛው በር እንደሚያቀርብ ያለ ጽሕፈት የሚያስታውስ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ቀን ሥራ ከሄደ ተመልሶ መምጣቱ ያጠራጥራል። ወረርሽኙ ሳያልፍም ጦርነት ተከተለ፤ ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ተይዛ፣ የ2014ቱ ልደት ሊከበር ሳምንታት ሲቀሩት ነው ነጻ የወጣችው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የበሽታውን ጉዳት ከጦርነቱ ጉዳት ለይቶ ማስላት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ሁሉ መካከል የአብያተ ክርስቲያናቱን ደጅ ያልተወው የአገሬው ተሳላሚ ነው። ከጥንት ጀምሮ ለልደት ከየአውራጃው በእግሩ የሚመጣው ነጋዲ እግሩ እየታጠበ በየቤቱ የሚያድርባት አገር፣ ይህን እንግዳ የሙያዋ እንግዳ አድርጋ አለመቁጠሯ ሲታሰብ ያስደንቃል። እርሱን መምራት ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። ለፈረንጁ በቤተ ማርያም ውስጥ በመጋረጃ የተሸፈነውን ዓምድ ሳሳየው፣ መጋረጃው ሥር ምን እንዳለ ይጠይቀኛል፤ የአገሬው ሰው ግን የተሸፈነ ነገር ለምን እንደሚሸፈን ያውቃልና ተሳልሞ ያልፋል፤ ቆሞ የሚጠይቀኝ በከተማችን ዮርዳኖስ በሚባለው ስፍራ ስለቆመው የድንጋይ መስቀል ነው፤ አንዳንዱም ከእኔ ይልቅ የቅዱስ ላሊበላን ገድል ጠንቅቆ ያውቃል። ለእርሱ የርዝመትና የወርድ ቍጥር መዘርዘር ከንቱ ድካም ነው።

የሲኦል ምሳሌ ነው በሚባለው የጨለማ ዋሻ ውስጥ ሁለቱን እንግዶች ማመዛዘን ይቻላል። ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳያላቅቁ፣ መብራት አጥፍተው፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ማለፍ ልማዳችን ነበር። መራራቅ በታዘዘበት ዘመን ትከሻ መያዙ ሲከለከል፣ መሪው ድምፁን ብቻ መንገድ ማድረግ ግድ ሆነበት፤ ከፊት ሆኖ ደረጃውንና ዝቅ ያለውን ጣሪያ በለሆሳስ እየነገረ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዳይደናገጥ ቃሉን እያረዘመ መሄድ። የውጭው እንግዳ ይህን ድምፅ ሳያቋርጡ እንዲያሰሙት ይፈልጋል፤ ተሳላሚው ግን የሚጸልይበት ጨለማ ነውና፣ «ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ እናቴ» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። ያ ዝምታ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሙያ መሆኑን ከወረርሽኙ በፊት የተረዳ ጥቂት ነው።

የሥራ ወቅት አቈጣጠራችንም ሊለወጥ ይገባዋል። ቀድሞ የሥራ ወራችን ከመስከረም እስከ ጥር ነበረ፤ ክረምቱን በሙሉ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር። ተሳላሚው ግን በቤተ ክርስቲያን በዓላት ይሄዳልና በነሐሴ ለጾመ ፍልሰታ ሱባዔ ይገባል፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን የሚወጣውም በእኛ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ከየአጥቢያው ምእመናንን በአውቶቡስ የሚያመጡት የጉዞ ማኅበራት ዐዳር፣ ምሳና መሪ የሚያገኙበት ውል ቢኖራቸው፣ አንድ ቀን ሊጨምሩና በመቄት ደጋ የገጠር ሰዎች ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ሊያድሩ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ብቻ ነው።

የሚያከራክረን ዋጋው ነው። የውጭ አገር ሰው መግቢያውን በዶላር ሲከፍል የአገሩ ምእመን የሚገባው ለመሳለም እንጂ ለመጎብኘት አይደለም፤ ከእርሱም ላይ የፈረንጅ ዋጋ መጠየቅ አሳፋሪ ነው። እኔ የምደግፈው፣ የአንድ አውቶቡስ ሰዎች በጠቅላላው ለመሪው አንድ መጠነኛ ዋጋ አስቀድመው እንዲከፍሉ፣ ከዚያም ላይ የባለ በቅሎውና የጫማ ጠባቂው ድርሻ በዚያው ቀን ማታ ተቈርጦ እንዲሰጥ ነው። ባልንጀሮቼ ከፊሎቹ ይህን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ ቢሆንም ባለፈው ፍልሰታ የመጡትን ማኅበርተኞች በዚህ ውል ተቀብለናቸዋል፤ ለልደትም መሪ እንድናዘጋጅላቸው ነግረውናል።