ጓሳን ያቆየው ፍቅር ብቻ ነው እንዴ?

ስለ መንዝ ጓሳ ሲወራ ሳትሰሙ አትቀሩም። «ሕዝቡ ተፈጥሮን ስለሚወድ ለ400 ዓመታት ጠብቆ አቆየው» ይባላል። ደስ ይላል፤ ግን ጎደሎ ነው። ዘለዓለም ተፈራ እና ናይጄል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. «ሂውማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙትን ጥናት ብታነቡ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫም ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ቦታውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋው ነበር። መዝጋት ብቻ አይደለም፤ አለቃ ይመረጣል፣ ሰው በተራ ዘብ ይወጣል፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ጭላዳን ለማዳን ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም እኮ! ሰዎቹ የጠበቁት ሣራቸውን ነው። ጭላዳ ደግሞ ዋና ምግቡ ሣር ስለሆነ አብሮ ተረፈ።

የጥናቱ ጥንካሬ ይህን ሳያስውብ መናገሩ ነው። እንስሳቱ ላይ ግን ያንስብኛል። ለዚያ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሌላ የጓሳ ጥናት ጨምሩበት፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህሉ ሙከራው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ለቤት ክዳን ተብሎ የተዘጋ ሜዳ ስንቱን እንዳኖረ አያችሁ?

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ጓሳ የሁሉም አልነበረም። መብቱ በአጽመ ርስት ነው፤ ዘሩን ከአቅኚዎቹ አባቶች፣ ከአስቦ ወይም ከጌራ፣ መቁጠር ያልቻለ ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አፈረሰው፤ ቀሮም አብሮ ተናጋ፣ ሣሩም ተጎዳ። ጥናቱ ይህን በዋናነት እንደ ጉዳት ያነበዋል። ለሣሩ እውነት ነው። ዘሩን መቁጠር ላልቻለው ገበሬ ግን ያው አዋጅ ጓሳን «የእኔም ነው» የሚልበትን በር ከፍቶለታል። የእሱ ድምፅ በጥናቱ ውስጥ ጎልቶ አይሰማም፤ እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው።

በቦርኒዮ ደን ኦራንጉታንን ከመንደር ሰዎች ጋር ሆነው ለማዳን የሚሠሩም ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ «ማኅበረሰቡ» ስንል ማንን ነው? በአንድ መንደር መሬት ያለውም የሌለውም አለ።

ጥናቱን ካገኛችሁት የቀሮውን ታሪክ ጨርሳችሁ እንዳትተዉት። ከአዋጁ በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና ያደራጀበትን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በዚህ ጊዜ ዘር ቆጠራው ቀርቷል፤ ሣሩን የሚዘጉት ሰዎች ከበፊቱ በዝተዋል፣ መስማማቱም ከብዷል።